በደለል ውስጥ የሚቀሩ ኬሚካሎች፦ ከአቃቂ እስከ አቤ ሐይቅ

በክረምት ወራት በአዲስ አበባ ወሎ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ከጣራ፣ ከአስፋልትና ከየግቢው ያጠበውን ሁሉ ይዞ በቦዮች አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ ገባሮች ይገባል። በቂርቆስና በካዛንቺስ ዙሪያ የሚያልፉት ባንቺ ይቀጡና ቀበናም የሚወርዱት ወደዚያው ነው። ዝናቡ ባባራ ማግሥት ውኃው ይጠፋና በቦዩ ግርጌ ጥቁር፣ ቅባት የነካው ጭቃ ይቀራል። ጭቃው በሚቀጥለው ዝናብ ጥቂት ይጓዛል፤ ደግሞ ያርፋል፤ ደግሞ ይነሣል። ከብዙ ክረምት በኋላም የአባ ሳሙኤል ግድብ ካጠራቀመው ደለል ይቀላቀላል። ከግድቡ ያመለጠው ከአዋሽ ጋር ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከቆቃ ያመለጠውም የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ እርሻዎች፣ የመካከለኛውንና የታችኛውን አዋሽ የጥጥ ማሳዎች አልፎ፣ ከምንጩ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ይህ ማንኛውም ተማሪ ከጂኦግራፊ ትምህርቱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለጤና ባለሙያ ያለው ትርጉም ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ያልፋል። በላይኛው አዋሽ ከደለል ጋር የተጣበቀና በቀላሉ የማይበሰብስ ኬሚካል ከአገር የሚወጣበት የውኃ በር የለውም ማለት ነው። ሌሎች አገሮች ቆሻሻቸውን ወደ ባሕር ያወርዳሉ፤ ባሕሩም የወሰደውን በጠረፍ ደለል ውስጥ ያስቀምጣል። የአዋሽ ተፋሰስ የራሱ ባሕር ራሱ ነው። የኦሞ ተፋሰስም የሚያበቃው በቱርካና ሐይቅ ነው፤ የአቢያታ ሐይቅም መውጫ የለውም። ከታላላቆቹ ተፋሰሶች መካከል የተሸከመውን ከድንበር አሻግሮ በባሕር አቅጣጫ የሚወስድ በዋነኛነት ዓባይ ነው።

የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች በዚህ ረገድ ያካበቱት ልምድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ስዊድናዊው ኬሚስት ሶረን የንሰን በባልቲክ ባሕር አካባቢ በዓሣና በንስር ሥጋ ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት ሲፈልግ ያልታወቀ ሌላ ቅሪት ደጋግሞ ይታየው ነበር። ያ ቅሪት ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ይሠራ የነበረው ፒሲቢ ሆኖ ተገኘ። ፒሲቢ ከእ.ኤ.አ. 1929 ጀምሮ በፋብሪካ ሲመረት ቢቆይም ወደ አካባቢ መውጣቱን የሚከታተል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኤድዋርድ ጎልድበርግ የተባለ የባሕር ሳይንቲስት በዓለም ጠረፎች ሁሉ ከዐለት ጋር የሚጣበቁ ባለ ዛጎል እንስሳትን እየሰበሰቡ የብክለቱን መጠን መከታተል እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥትም ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ እንስሳቱንና የጠረፍ ደለልን አጣምሮ በየጊዜው የሚለካ መርሐ ግብር ዘረጋ። በሎስ አንጀለስ ጠረፍ አንድ የዲዲቲ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር የለቀቀው ኬሚካል ፋብሪካው ከተዘጋ ከአሥርት ዓመታት በኋላም በባሕሩ ወለል ደለል ውስጥ ይገኛል፤ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ስለ አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች እስከ ዛሬ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል።

ስለ ምን ዓይነት ኬሚካሎች ነው የሚነገረው?

ዘላቂ ኦርጋኒክ በካዮች የሚባሉት አራት ጠባዮች ያሏቸው ናቸው፦ በተፈጥሮ አካባቢ ለዓመታት ሳይበሰብሱ ይቆያሉ፤ በስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ በአየርና በውኃ ከተለቀቁበት ቦታ ርቀው ይጓዛሉ፤ ለሰውና ለእንስሳት መርዛማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 የተፈረመውና በግንቦት 2004 ሥራ ላይ የዋለው የስቶክሆልም ስምምነት መጀመሪያ 12 ኬሚካሎችን ዘረዘረ። ከእነርሱም ዲዲቲ፣ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴን፣ ፒሲቢ፣ ዳዮክሲንና ፊዩራን ይገኙበታል። በኋላ ለእሳት መከላከያ በፕላስቲክና በፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ የሚገቡ ብሮሚን ያለባቸው ውሕዶች፣ ሊንዴንና ኢንዶሰልፋን ተጨመሩ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀብላለች።

ክሮሚየም፣ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች ከዚህ ምድብ ውጪ ናቸው። በአቃቂ ወንዝ ላይ ከቆዳ ፋብሪካዎች ጋር ተያይዞ ብዙ የሚወራው ስለ እነርሱ ነው፤ ጉዳዩም ራሱን የቻለ ነው። ሁለቱ መቀላቀል አይገባቸውም፤ ብረት በስብ አይጠራቀምም፣ ዲዲቲም በተለመደው የብረት ምርመራ አይታይም።

ለምን ውኃው ሳይሆን ደለሉ?

ውኃና ዘይት እንደማይዋሐዱ ሁሉ እነዚህ ኬሚካሎችም ውኃን ይሸሻሉ። ዲዲቲ በውኃና በቅባት መካከል ምርጫ ሲሰጠው ወደ ቅባቱ የሚያዘነብለው በሚሊዮን እጥፎች ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ በሰዓታት ውስጥ ከውኃው ተለይቶ ከደቃቅ ሸክላና ከበሰበሰ ዕፅዋት ጋር ይጣበቃል፤ ከእነርሱም ጋር ይሰጥማል። ስለዚህ ከወንዝ ላይ በጠርሙስ ውኃ ቀድቶ «ዲዲቲ አልተገኘም» ማለት ብዙ አያስኬድም።

በክሊኒክ ቋንቋ ለማስረዳት፣ የውኃ ናሙና እንደ ድንገተኛ የደም ስኳር ምርመራ ነው፤ የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የላይኛው የደለል ንብርብር እንደ ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ ነው፤ ያለፉትን ወራትና ዓመታት አማካይ ይናገራል። ወደ ታች በቱቦ ተወግቶ የወጣው የደለል ዓምድ ደግሞ የታካሚው የቆየ ካርድ ነው። ዓምዱ ተቆራርጦ የእያንዳንዱ ቁራጭ ዕድሜ በሊድ-210 እና እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ከኑክሌር ሙከራዎች በብዛት በወረደው ሲዝየም-137 ሲሰላ፣ የትኛው ኬሚካል በየትኛው ዘመን እንደገባና መቼ እንደቀነሰ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብና ከእርሱም የሚቀድመው አባ ሳሙኤል በዚህ ረገድ ሳይታሰብ የተቀመጡ መዛግብት ናቸው። ሁለቱም በደለል መሞላታቸው መሐንዲሶችን ሲያስመርር ኖሯል፤ አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ አቁሞ በ2016 ታድሶ እስኪከፈት ድረስ ለረጅም ዘመን ደለልና አረም ሲያጠራቅም ቆይቷል። እንዲህ ዓይነቱ ደለል ለተሃድሶ ሲጠረግ የት እንደሚጣል ጥያቄ የሚነሣው ለዚህ ነው። ተቀብሮ የነበረው ኬሚካል ሲቆፈር እንደ አዲስ ይለቀቃልና።

ናሙና አወሳሰዱ ቀላል ቢመስልም ስሕተት የሚበዛበት ነው። የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ንብርብር ሳይታወክ መውጣት አለበት። ናሙናው በፕላስቲክ ከረጢት አይያዝም፤ በኬሚካል በታጠበ ብርጭቆ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ በቅዝቃዜ ይጓጓዛል። አሸዋማ ደለል ኬሚካል ስለማይዝ ከሸክላማው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፤ ውጤቱ በደረቅ ክብደት ተሰልቶ ከኦርጋኒክ ካርቦን መጠን ጋር ይመዛዘናል። ይህ ሳይደረግ አንዱ ወንዝ ከሌላው «አሥር እጥፍ ተበክሏል» የሚል ሪፖርት ሲታይ፣ ልዩነቱ የጭቃና የአሸዋ ልዩነት ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

ለጥጥ ወይም ለወባ የሚረጨው ዲዲቲ ሲሠራ ሦስት አራተኛው ያህል ዋናው ዲዲቲ ነው። አየር በሚያገኝ አፈር ቀስ በቀስ ወደ ዲዲኢ፣ አየር በሌለው ጭቃ ደግሞ ወደ ዲዲዲ ይለወጣል። ስለዚህ በደለል ውስጥ የሁለቱ ውላጆች ድምር ከጠቅላላው ዲዲቲ ግማሽ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብክለቱ የቆየ ነው ይባላል። ዋናው ዲዲቲ በርክቶ ከተገኘ ግን በቅርብ ጊዜ አንድ ሰው አንድ ቦታ ዲዲቲ ተጠቅሟል ወይም አፍስሷል ማለት ነው። ይህ ሬሾ ከጠቅላላው መጠን ይልቅ ለሕዝብ ጤና ይጠቅማል፤ ምንጩ ገና ክፍት መሆን አለመሆኑን ይጠቁማልና።

መጠኑን በተመለከተ በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚጠቀሱ መመዘኛዎች አሉ። ለባሕር ጠረፍ ደለል የጠቅላላ ዲዲቲ ዝቅተኛ የጉዳት ገደብ 1.58 ናኖግራም በግራም፣ ጉዳት በብዛት የሚታይበት ገደብ 46.1 ነው። ለጣፋጭ ውኃ ደለል ደግሞ 5.28 እና 572 ናኖግራም በግራም ናቸው። የአዋሽን ደለል በባሕሩ መለኪያ መመዘን የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚህም የሚከፋው አለ። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰኑት በጭቃው ውስጥ ለሚኖሩ ትሎችና ጥቃቅን እንስሳት እንጂ ለሰው አይደለም። «ከገደቡ በታች ነው» ማለት ከዚያ ሐይቅ የወጣ አምባዛ ለመብላት ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ትሉ ሳይሞት የጠቀመውን ኬሚካል ዓሣው ይበላዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው።

የኢትዮጵያ ምንጮች

ዲዲቲ ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የገባው በወባ ማጥፋት ዘመቻ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ጀምሮ በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ የዳነውን ሕይወት መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ለቤት ውስጥ ርጭት መጠቀሙን ደግፏል፤ የስቶክሆልም ስምምነትም ለዚሁ ዓላማ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል። በኢትዮጵያ የወባ ትንኝ ዲዲቲን በመቋቋሟ ከእ.ኤ.አ. 2009 ገደማ ጀምሮ በሌሎች ኬሚካሎች ተተክቷል። ዲዲቲው ከውጭ በመጣ ጥሬ ዕቃ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ይቀናበር ነበር። ችግሩ ከግድግዳው በላይ ከግድግዳው የቀረው ነው። ለጤና የተገዛው ዲዲቲ ወደ እህል ጎተራ፣ ወደ አትክልት ማሳና ወደ ጫት እርሻ ማፈንገጡ በተደጋጋሚ ተጠቅሷል፤ በጫት ናሙናዎች ላይ የዲዲቲ ቅሪት ያገኙ ጥናቶችም አሉ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የወባ ርጭት ዋነኛ ዒላማ አልነበረችም። ስለዚህ ከከተማዋ በሚወርድ ደለል ውስጥ ዲዲቲ ሲገኝ መጋዘንን፣ ንግድንና የቤት አጠቃቀምን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጊዜው ያለፈበት ፀረ-ተባይ ክምችት ነው። ለአሥርት ዓመታት በግዢና በዕርዳታ የገባው፣ ሳይረጭ ቀርቶ በርሜሉ የዛገ መድኃኒት በየክልሉ መጋዘን ተከማችቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በመራው ፕሮጀክት ከእ.ኤ.አ. 2000 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ታሽጎ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። የተላከው መድኃኒት ነው፤ ከበርሜሉ ፈስሶ የጠጣው አፈር በአብዛኛው እዚያው ነው።

ሦስተኛው የቆዩ ትራንስፎርመሮች ዘይት ነው። የፒሲቢ መርዛማነት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን፣ በ1979 ደግሞ በታይዋን ፒሲቢ የተቀላቀለበት የሩዝ ዘይት የበሉ ሰዎች በፊታቸውና በአካላቸው ላይ ከባድ ብጉር፣ በጥፍርና በድድ ላይ ጥቁረት ሲወጣባቸው፣ የተወለዱላቸውም ሕፃናት ቆዳቸው ጠቁሮ ሲታዩ ነው። ስምምነቱ ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱም እስከ 2028 እንዲወገድ ይጠይቃል። አራተኛው የማይታየው ነው፤ ፕላስቲክና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሜዳ ሲቃጠል የሚፈጠረው ዳዮክሲን። ይህን የሚያመርት ፋብሪካ የለም፤ በየመንደሩ የሚቃጠል የቆሻሻ ክምር ግን አለ።

ምን ተገኝቷል?

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአዋሽ ተፋሰስ የላይኛው የደለል ንብርብር ውስጥ የክሎሪን ፀረ-ተባዮች፣ ፒሲቢና ለእሳት መከላከያ የሚውሉ የብሮሚን ውሕዶች ሦስቱም እንደሚገኙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በቆቃ ሐይቅ ዓሦች ላይ የታተመ ጥናት ዲዲቲና ውላጆቹ ከተመረመሩት በካዮች ሁሉ ጎልተው መገኘታቸውን፣ መጠኑም ከዓሣው ስብና በምግብ ሰንሰለት ካለው ቦታ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች የተደረጉትም ዲዲቲን አግኝተዋል።

ለጤና ባለሙያ ከሁሉ የቀረበው ግን በእናት ጡት ወተት የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመና በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በተደረገ ጥናት፣ ሕፃናት ከእናታቸው ወተት በቀን የሚያገኙት ጠቅላላ ዲዲቲ በአማካይ በኪሎ ግራም ክብደት 62 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ተሰልቷል። ይህም ጥናቱ ካነጻጸረበት የ20 ማይክሮግራም ገደብ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከተሞቹ የሚገኙት የጊቤና የኦሞ ውኃ በሚወርድበት፣ ባሕር በማያገኘው ሌላው ተፋሰስ ነው።

እነዚህ ጥናቶች የየተመራማሪዎቹ ድካም ውጤት ናቸው፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ መለካት ክትትል አይደለም። አንድ ጊዜ ደም ግፊቱ የተለካ ታካሚ «ክትትል ላይ ነው» እንደማይባል ሁሉ፣ በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ዘዴ፣ በተለያየ ቦታ የተወሰዱ ናሙናዎች ብክለቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን አያሳዩም። ስዊድን ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእናቶችን ወተት በአንድ ዘዴ በተከታታይ በመመርመሯ የዲዲቲና የፒሲቢ መጠን ከእገዳው በኋላ በየዓመቱ ሲወርድ በግራፍ ማየት ችላለች። በዚያው ወተት ውስጥ የብሮሚን ውሕዶች ሲጨምሩ የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአዋሽ የሚያስፈልገው ብዙ ጣቢያ አይደለም። ከአባ ሳሙኤል፣ ከቆቃና ከታችኛው አዋሽ በተወሰኑ ቋሚ ቦታዎች፣ በየጥቂት ዓመቱ፣ በአንድ ላቦራቶሪ አሠራር፣ ከፊሉ ናሙና በቅዝቃዜ ለወደፊት ተቀምጦ ቢካሄድ ይበቃል። ከዚሁ ጋር በተፋሰሱ ከሚወልዱ እናቶች ጥቂት ወተት በፈቃዳቸው ቢሰበሰብ ደለሉና ሰውየው ጎን ለጎን ይነበባሉ።

በክሊኒኩ

የዲዲቲ አጣዳፊ መመረዝ፣ ማለትም መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ፣ ከደለልና ከዓሣ በሚመጣ መጠን አይታይም። የሚያሳስበው ለዓመታት በስብ የሚጠራቀመው ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፒሲቢንና ሊንዴንን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ፣ ዲዲቲን ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ብሎ መድቧቸዋል። በካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምሮ ደማቸው ተቀምጦ በቆየ እናቶች ላይ የተደረገው ጥናት በልጅነት ዕድሜ ለዲዲቲ መጋለጥ ከጡት ካንሰር ጋር መያያዙን ጠቁሟል። ለአንድ ግለሰብ ታካሚ ግን «ካንሰርሽ የመጣው ከዚህ ነው» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፤ እንዲህ ያለ ንግግርም ከሐኪም አፍ መውጣት የለበትም።

በተግባር አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ከወለደች እናት ነው። ወተቷ ውስጥ መርዝ እንዳለ በሬዲዮ የሰማች እናት ጡት ማጥባቷን ልታቋርጥ ትችላለች። መልሱ ግልጽ መሆን ይገባዋል፤ ጡት ማጥባቱ ይቀጥላል፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታ በተቅማጥና በሳንባ ምች ከሚሞቱ ሕፃናት አንጻር የጡጦ ወተት አደጋ በቅርብ የሚታይ፣ የዲዲቲው ግን ገና በጥናት ላይ ያለ ነው። የአንዲትን እናት ወተት ለብቻ ማስመርመርም አይመከርም፤ ውጤቱ የሚለውጠው ሕክምና የለምና። በፍጥነት ክብደት ለመቀነስ መጾም ወይም መራብ ግን ከስብ ውስጥ የተጠራቀመውን ወደ ወተት ስለሚያወጣ በጡት ማጥባት ወቅት አይመከርም። ይህንን ለእናቲቱ በለሰለሰ ቃል መንገር ይቻላል።

ሊለወጥ የሚችለው ከፊት ያለው ተጋላጭነት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትጎበኝ የምታገኛቸው ነገሮች አሉ። በእህል ጎተራ ላይ የተነሰነሰ ነጭ ዱቄት፣ የፀረ-ተባይ ባዶ ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ ሲውል፣ ከጋራዥ ወይም ከትራንስፎርመር የመጣ ዘይት ለቁስል ወይም ለመብራት ሲቀመጥ። በቆቃና በዝዋይ ዳርቻ ዓሣ ዋና ምግብ በሆነበት ቤት ዓሣ መብላት ይቁም አይባልም፤ ፕሮቲኑ ያስፈልጋል። ይሁንና አምባዛ ሲበላ የሆዱ ስብና ቆዳው ቢወገድ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በምግብ ሰንሰለቱ ዝቅ ያለው ቆሮሶ ቢመረጥ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ልጅ የወለደች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ባለችበት ቤት ይህ ምክር ቅድሚያ ያገኛል።

የሕመምተኛ ታሪክ ሲወሰድም «ሥራህ ምንድን ነው?» ከሚለው ቀጥሎ «ከዚህ በፊትስ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያሻል። የዛሬ ጥበቃ ሠራተኛ ከሃያ ዓመት በፊት ዲዲቲ በጀርባው ተሸክሞ በየቤቱ የረጨ፣ ወይም በመጋዘን የዛገ በርሜል ያገላበጠ ሊሆን ይችላል።